የአባቴ ድቤ እና የደሴ የመንዙማ ሌሊቶች

 

በዚህ ረመዷን መጀመሪያ ሳምንት አንድ ወጣት አባት ከተራዊሕ ሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ጠበቀኝ። ትንሽ ልጁን በእጁ ይዟል። "ሸይኽ፣ ልጆቼ ከኢፍጣር በኋላ በስልክ መንዙማ ይከፍታሉ። እናታቸው ደስ ይላታል፣ እኔ ግን ይረብሸኛል። ልከልክላቸው ወይስ ልተዋቸው?" አለኝ። አጠር አድርጌ መለስኩለት። አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ሱሁር እስኪደርስ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥያቄው አዲስ አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔ ራሴ ለአባቴ መልስ የሰጠሁበት ጥያቄ ነው። ያን ጊዜ የሰጠሁትን መልስ ሳስበው ዛሬም ያመኛል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ወጣት አባትና እንደ እሱ ላሉ ቤተሰቦች ነው።

ተራራው ሥር ያለችው ከተማ

ደሴ የተራራ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ከታች ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስቶ ጠመዝማዛውን መንገድ የወጣ ሰው ደሴ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ክረምት ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍነው በአሥር እርምጃ ርቀት ያለ ሰው አይታይም። ብርዳም አገር ሰውን ቤት ያስገባል። ቤት የገባ ሰው ደግሞ ቡና ያፈላል፣ ዕጣን ያጨሳል፣ ጎረቤቱን ይጠራል። የደሴ የዜማ ሕይወት ከአዳራሽና ከመድረክ በፊት የተወለደው እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ፣ በረከቦቱ ዙሪያ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ስለ ደሴ ዜማ ሲነሳ መንዙማውን ብቻ ማንሳት ልክ አይሆንም። ከአገራችን አራት ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የምትገኘው፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ከሐይቅ በስተሰሜን ያለው አገር ነው። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን እነዚህን ዜማዎች ይዞ ወጥቷል። እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ ድምፃውያን አምባሰልን ወሎን ለማያውቅ ሰው ሳይቀር አሰምተዋል። በሠርግ ቤት የሚዜመው፣ ማሲንቆ ይዞ የሚዞረው፣ በሆቴሎች የሚጫወተው ሁሉ የዚያው ቤተሰብ ነው።

እኔ የዘፈን ሰው አይደለሁም፤ በዚህ ገጽ ስለ ዘፈን ለማስተማርም አልተነሳሁም። ግን አንድ እውነት መናገር አለብኝ። ጆሮ ያለው ሰው የደሴን መንዙማ ሲሰማ እነዚያኑ ቅኝቶች ያገኛቸዋል። በትዝታ የሚዜም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውዳሴ አለ፤ በአምባሰል የሚዜም የዱዓ ግጥም አለ። ያው የአገር ዜማ አንዱ ቤት ፍቅርና ናፍቆት ይነገርበታል፣ ሌላው ቤት አላህ ይለመንበታል። ውኃው ከአንድ ምንጭ ተቀድቶ በየቤቱ ለየጉዳዩ እንደሚውል ማለት ነው። ለዚህም ይመስለኛል ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በመውሊድ ቀን ቤታችን መጥተው ሲቀመጡ ዜማው የማይጠፋባቸው። ግጥሙን ባይዙት አዝማቹን አብረው ይቀበላሉ።

ሌሊቱ እንዴት ይሄድ ነበር

የዛሬ ልጆች መንዙማን የሚያውቁት ከስልክ ነው። በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ቀጣዩ ይመጣል። እኔ ያደግሁበት ሰፈር፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ መንዙማ ሌሊት ሙሉ የሚሄድ ነገር ነበር። ሥርዓት ነበረው። ያንን ሥርዓት ላላየው ወጣት ልንገረው።

መጀመሪያ ቤቱ ይጠረጋል፤ ሰሌንና ምንጣፍ ይነጠፋል። የዒሻ ሶላት ይሰገዳል። ትልልቆቹ ግድግዳ ተደግፈው ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ ልጆች በር አጠገብ። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይቀርባል። ማንም ዘሎ መንዙማ አይጀምርም። ከሁሉ በፊት በዕድሜም በዕውቀትም የሚበልጠው ሰው እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። ሰዉ በየመሐሉ "አሚን" ይላል። የታመመ ካለ ስሙ ይነሳል፤ መንገድ የሄደ፣ የታሰረ፣ ልጅ ያጣች፣ ዝናብ የቀረበት ገበሬ ሁሉ ይነሳል። ይህ ራሱ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ከዚያ መሪው ጉሮሮውን ይጠርጋል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ የአላህ ውዳሴ ነው። ቀጥሎ በነቢዩ ላይ ሶለዋት። ቀጥሎ ወደ ሶሐቦችና ወደ ደጋግ ዑለሞች ይሄዳል። መጨረሻው እንደገና ዱዓ ነው። ግጥሙ አማርኛና ዐረብኛ የተቀላቀለበት ነው፤ ኦሮምኛም ይገባበታል፤ ወሎ ውስጥ ሦስቱም የቤት ቋንቋዎች ናቸውና። መሪው አንድ ስንኝ ሲያወጣ ጀማዓው አዝማቹን ይቀበላል። ድቤው መጀመሪያ ላይ ዝግ ብሎ ነው የሚመታው፤ ጭብጨባውም እንዲሁ። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ይፈጥናል። አንዳንዱ ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፣ አንዳንዱ ይነሳል፣ አንዳንዱ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ያለቅሳል። ሲያለቅስ ማንም አያየውም፤ ማለትም ሁሉም ያየዋል፣ ግን እንዳላየ ይሆናል። ይህም ሥርዓት ነው።

እናቶች የራሳቸው ስብስብ ነበራቸው። ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር፣ ሕፃን ሲታመም፣ ዝናብ ሲጠፋ ተሰብስበው ወዳጃ ያደርጋሉ። እናቴ ከአባቴ ይልቅ ብዙ ግጥም ትይዝ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። አባቴ አንድ ስንኝ ሲጠፋው ቡና እየቀዳች ከጓዳ በኩል ቀስ ብላ ታቀብለው ነበር።

ከዑለሞች ወደ ሕዝቡ

አንዳንድ ወጣቶች መንዙማን ያልተማሩ ሰዎች የፈጠሩት ወግ አድርገው ያዩታል። እኔም እንዲሁ አይቼው ነበር። ታሪኩ ግን ሌላ ነው የሚለው።

በወሎ መንዙማን ያስፋፉት በዘመናቸው አንቱ የተባሉ ዑለሞች ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የጀማ ንጉሡ ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ መውሊድ በአደባባይ እንዲከበር ማስለመዳቸው ይነገራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጌታ ላይ ሸይኽ ቡሽራ፣ በየጁ ዳና ላይ ሸይኽ አሕመድ ነበሩ። ዳንዩል አወል እያልን የምንጠራቸው እኚሁ ሸይኽ አሕመድ ናቸው። እነዚህ ቦታዎች ማስተማሪያዎች ነበሩ። ደረሳው ከሩቅ አገር ስንቁን ቋጥሮ እየመጣ ፊቅህ፣ ነህው፣ ተፍሲር ይቀራባቸው ነበር። ቀን ኪታብ የሚያስቀሩት ሸይኽ ናቸው ማታ መንዙማ የሚያስይዙት። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር። ገበሬው ኪታብ አያነብም። ዐረብኛ አያውቅም። ግን የነቢዩን ሕይወት፣ የሶላትን ግዴታ፣ የሞትንና የቀብርን ነገር በራሱ ቋንቋ በዜማ ከሰማ አይረሳውም፤ እርፉን ይዞ ያዜመዋል።

ሸይኽ ጦልሓ ኢብን ጀዕፈርን እዚህ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ እምብዛም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ የተደረገው ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲቀይር ወደ ማስገደድ ባመራ ጊዜ ከተቃወሙት ዑለሞች አንዱ እሳቸው ነበሩ። በአማርኛ የገጠሙትን መንዙማ የጻፉት በዐረብኛ ፊደል ነው። ይህን አጻጻፍ ዐጀሚ እንለዋለን። ሕዝቡ በዚያ ክፉ ዘመን ዲኑን የያዘው በአንድ በኩል በኪታቡ፣ በሌላ በኩል በዚህ በዜማው ነው። መስጂድ መሄድ ሲያስፈራ በቤት ውስጥ በዝግታ የተዜመ መንዙማ ለልጆች ትምህርት ቤት ሆኗል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በወሎ የነበረውን የእስልምና ታሪክና የእነዚህን ሸይኾች ሥራ በሰፊው ጽፈውታል። ማንበብ የሚችል ልጅ ያለው ቤተሰብ ቢፈልገው አይጎዳም።

እኔና አባቴ

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። አባቴ በሰፈራችን መንዙማ ከሚያወጡት አንዱ ነበር። ሥራው ሰኞ ገበያ እህል መነገድ ነው። ብዙ አልተማረም፤ ቁርኣን ቀርቷል፣ ዐጀሚ ይጽፋል፣ ያ ነው። ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ድቤ ተሰቅሎ ነበር። ቆዳው በብርድ ሲላላ አባቴ ከምድጃው ዳር አስጠግቶ እያገላበጠ ያሞቀዋል፤ ቆዳው ሲጠብቅ በጣቱ መታ አድርጎ ይሰማዋል፣ "አሁን ደረሰ" ይላል። በልጅነቴ ደስታ ማለት ለእኔ ያ ቃል ነበር።

እኔ በልጅነቴ ለደረሳነት ወጣሁ፤ ኋላም ከደሴ ርቄ ዐረብኛና የሸሪዓ ትምህርት ተማርኩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ስመለስ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም። ብዙ ተምሬ ነበር፤ ያልተማርኩት ደግሞ ከተማርኩት ይበልጥ ነበር። ያስተማሩኝ ሰዎች ድቤን አጥብቀው የሚከለክሉ ነበሩ፤ እኔም ያንን ሐሳብ ከዚያ ሌላ ሐሳብ በዓለም ላይ እንደሌለ አድርጌ ያዝኩት። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ቤታችን ሰው ተሰበሰበ። አባቴ ደስ ብሎት ነበር፤ ልጁ ዓሊም ሆኖ ተመልሶለታል። ድቤውን ሊያወርድ ሲነሳ በሰው ሁሉ ፊት "አባዬ፣ ይኼ ነገር ይቅርብዎ። ሐራም ነው" አልኩት።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ ድቤውን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ መልሶ ሰቀለው። "አንተ ተምረህ መጥተሃል፣ እኔ አልተማርኩም። ይቅር ካልክ ይቅር" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ያ ሌሊት በዱዓ ብቻ አለፈ። ከዚያ በኋላ አባቴ እስኪሞት ድረስ፣ ስምንት ዓመት፣ ቤታችን ውስጥ አንድም ስንኝ ሲያወጣ አልሰማሁትም።

ሲሞት አንድ ደብተር ተወልን። ከዳር እስከ ዳር በዐጀሚ የተጻፈ ነው። ከሐዘኑ በኋላ ገለጥኩት። ሁሉንም አነበብኩት፤ ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ቃሉን አውቀዋለሁ። ግን ማዜም አልቻልኩም። ደብተሩ ግጥሙን እንጂ ዜማውን አልያዘም። የትኛው በትዝታ እንደሚወጣ፣ የትኛው በባቲ፣ አዝማቹ የት ላይ እንደሚመለስ፣ ድቤው የት ላይ እንደሚፈጥን የሚያውቀው አባቴ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዝም አሰኝቼዋለሁ። አንድን ሰው ዝም ማሰኘት እንዴት ቀላል እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ መልሶ ማናገሩ ግን በእጃችን አይደለም።

ሸሪዓው ምን ይላል?

ይህን ስል "ስለዚህ ሁሉም ይፈቀዳል" ማለቴ አይደለም። የአባቴ ናፍቆት የሸሪዓ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ጉዳዩን በሚዛን እንየው።

የሙዚቃ መሣሪያን የሚከለክሉ ዑለሞች ማስረጃ አላቸው። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ በመጨረሻ ዘመን ዝሙትን፣ ሐርን፣ መጠጥንና የዘፈን መሣሪያን የተፈቀደ የሚያደርጉ ሰዎች እንደሚመጡ ተነግሯል። ብዙኃኑ የአራቱ መዝሀብ ዑለሞች በዚህና በመሳሰለው ማስረጃ ተነስተው መሣሪያን አጥብቀዋል። ይህን የያዘ ሙስሊም ወንድማችንን "ደረቅ ነው" ብሎ መዝለፍ ነውር ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው የሐዲስ መጽሐፍ በዒድ ቀን በእናታችን ዓኢሻ ቤት ሁለት ልጃገረዶች ሲያዜሙ አቡበክር ሊከለክሉ እንደነበርና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የዒድ ቀን ስለሆነ ተዋቸው እንዳሏቸው ይዘግባል። በሠርግ ቀን ድፍ ሲመታ ነቢዩ እንደነበሩም ተዘግቧል። እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከተውን ደግሞ አንርሳ፤ ሐበሾች በዒድ ቀን በነቢዩ መስጂድ ውስጥ ጦራቸውን ይዘው ሲጫወቱ እሳቸው ዓኢሻን ከኋላቸው አቁመው አሳይተዋታል፤ እሷ እስክትጠግብ ድረስም ጠብቀዋታል። ሐሳን ኢብን ሳቢት በመስጂድ ውስጥ ሚንበር ተዘርግቶለት ግጥም ብሏል። ከዕብ ኢብን ዙሀይር ግጥሙን በፊታቸው ሲያነብ የራሳቸውን ካባ አልብሰውታል። ከዚያ በኋላ ከ700 ዓመት በፊት የኖሩት ግብፃዊው ኢማም ቡሲሪ የጻፉት የቡርዳ ቀሲዳ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ተዜሟል፤ የወሎም ደረሳ በቃሉ ይዞታል። ኢማም ገዛሊም በኢሕያእ ኪታባቸው ስለ መስማት ሰፊ ምዕራፍ ጽፈው የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን ሁኔታ ለያይተዋል።

እንግዲህ ግጥሙና ውዳሴው ራሱ፣ ያለ መሣሪያ፣ ከነቢዩ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። ክርክሩ በድቤው፣ በአጋጣሚውና በይዘቱ ላይ ነው። እኔ የምከተለውን ልንገራችሁ። መንዙማው ሶላትን ካስተወ አይሆንም፤ ለሊት ሙሉ አዚሞ ፈጅርን በእንቅልፍ ያለፈ ሰው ኪሳራ ውስጥ ነው። ለደጋግ ሰዎች ለአላህ ብቻ የሚገባውን ነገር የሚሰጥ ግጥም ከሆነ አይሆንም፤ የተባለውን ስንኝ ማስተካከል የዓሊሙ ሥራ ነው። መንዙማን አስታክኮ ቀን ሙሉ ጫት ላይ መዋልም መንዙማው ያላዘዘው ነው። ከዚህ ውጭ ባለው ላይ ዑለሞች የተለያዩበትን ነገር ቤተሰብ ማፍረሻ ማድረግ አይገባም። የተለያየንበትን ጉዳይ በሰው ሁሉ ፊት፣ ለዚያውም በአባት ላይ፣ "ሐራም" ብሎ መወርወር ዕውቀት አይደለም። የእኔ ስሕተት በዋናነት በፍርዱ ላይ አልነበረም፤ በአደቡ ላይ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ረመዷን

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ገባ። ያን ዓመት የነበረውን እዚህ መዘርዘር አልፈልግም፤ ያለፈበት ሰው ያውቀዋል። ከተማዋ ባዶ ሆነች፤ የቻለ ተሰደደ፣ ያልቻለ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ተለቀቀች፤ ሰው ቀስ በቀስ ተመለሰ። በመጋቢት መጨረሻ ረመዷን ገባ። እንደዚያ ያለ ረመዷን አይቼ አላውቅም። ከሰፈራችን ቤቶች ውስጥ አንድም ሐዘን ያልገባበት አልነበረም። ተራዊሕ ሰግደን ስንወጣ ሰው አይጫወትም። ሰላምታ ሰጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

አንድ ማታ ልጇን ያጣች ጎረቤታችን ቤት ኢፍጣር ተጠራን። ሾርባው ተጠጣ፣ ቴምሩ ተበላ፣ ሶላት ተሰገደ። ከዚያ ዝምታ። ዱዓ አደረግሁ፤ ከዱዓው በኋላም ዝምታ። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። በወጣትነታቸው ለአባቴ የሚቀበሉለት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ድቤውን ባስቀረሁ ቀንም እዚያ ቤት ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝ። "ሸይኽ፣ ከፈቀድክ" አሉ። ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ መናገር አልቻልኩም።

ያለ ድቤ ጀመሩ። ድምፃቸው የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ይቆረጣል፣ ይንቀጠቀጣል። በነቢዩ ላይ ሶለዋት አወረዱ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አወቅሁት፤ በደብተሩ ውስጥ ያለ፣ መቶ ጊዜ ያነበብኩት፣ ዜማው የጠፋብኝ ግጥም ነው። ሦስተኛው ላይ አንዲት እናት ተቀበለች። ከዚያ ሌላዋ። ቀስ ብሎ ጭብጨባ ተነሳ። ልጇን ያጣችው ሴት ከኅዳር ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር ይሉኛል፤ ያን ማታ አለቀሰች፣ ሴቶቹ ከበቧት፣ አዝማቹ ግን አልቆመም። እኔም ተቀበልኩ። አዝማቹን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳላውቀው ይዤው ኖሬያለሁ።

ሲጨርሱ ሽማግሌው ወደ እኔ ዘንበል ብለው "አባትህ ይቺን ነበር የሚወዳት" አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም።

በስልክ የማይገኘው

ካሴት ሲመጣ መንዙማ ሰፋ። ሼህ መሐመድ አወል ሐምዛን የመሳሰሉ ድምፃውያን በካሴት የለቀቁት መንዙማ ከወሎ ወጥቶ በአገሪቱ ሁሉ፣ በስደት ባሉ ወገኖቻችንም ቤት ተሰማ። ዛሬ ደግሞ ስልክ አለ። አረብ ገንዳ ብትሄዱ ከየሱቁ ነሺዳ ይሰማል። ይህ ጸጋ ነው፤ አልነቅፈውም። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን በረመዷን ሌሊት ወሎን የምታገኘው በዚያ ነው።

ግን ስልክ የማይሰጣቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ስልክ ተቀባይ አይፈልግም። በቤት መንዙማ ውስጥ ግን ዝም ብሎ የሚያዳምጥ የለም፤ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ አዝማች ይቀበላል፣ በመቀበሉም የነቢዩን ስም ከነሶለዋቱ ይለማመዳል። ሁለተኛ፣ ስልክ አይታረምም። መሪው ስንኝ ሲሳሳት፣ ወይም ከልክ ያለፈ ውዳሴ ሲገባ፣ አጠገቡ ያለው ዓሊም ወይም ሽማግሌ ያቃናዋል። ሦስተኛ፣ ስልክ የማንንም ስም አያነሳም። በቤት ውስጥ በሚደረገው ዱዓ ግን የታመመው ጎረቤት በስሙ ይጠራል፤ የተጠራውም ሰው በነጋታው ይጠየቃል። ሰው ሰውን የሚያስታውሰው በዚህ ነው።

ስለዚህ በዚህ ረመዷን ለቤተሰቦች የምለው ትንሽ ነው። አያት ያላችሁ፣ ከኢፍጣር በኋላ አሥር ደቂቃ ስልኩን አስቀምጣችሁ "እስቲ አንድ በሉልን" በሏቸው። እሺ ካሉ ቅዱላቸው፤ ያን ጊዜ ስልኩ ለቁም ነገር ይውላል። ከሳጥን ሥር በዐጀሚ የተጻፈ ደብተር ካለ አትጣሉት፤ ማንበብ የሚችል ሰው ፈልጉ፤ ከግጥሙ ጎን በየትኛው ዜማ እንደሚወጣ ጻፉ። ልጆች ቃሉን ብቻ ሳይሆን ትርጉሙን ይጠይቁ፤ እናንተም ካላወቃችሁት የሰፈራችሁን ሸይኽ ጠይቁ። ድቤ አይሆንም የምትሉ፣ ያለ ድቤ በሉ፤ ሽማግሌው ያን ማታ ያዜሙት ያለ ድቤ ነው። ደግሞም ቁርኣን የወረደበት ወር ነውና ቁርኣኑ ይቅደም። መንዙማ የቁርኣንን ቦታ ከያዘ ቦታውን ስቷል፤ ልብን አለስልሶ ወደ ቁርኣን ከመለሰ ግን ሥራውን ሠርቷል።

ለዚያ ወጣት አባትም ያን ማታ በአጭሩ የመለስኩለትን አሁን ሙሉ ላድርገው። ወንድሜ፣ ልጆችህን አትከልክል፤ አትተዋቸውም። አጠገባቸው ተቀመጥ። የሚሰሙትን ስማ። መልካሙን ከነሱ ጋር ተቀበል፣ የማይሆነውን በእርጋታ አስረዳቸው። እናታቸው ደስ ካላት ከማን እንደተማረችው ጠይቃት። ምናልባት በስልኩ ውስጥ የሌለ ነገር እሷ ዘንድ ታገኛለህ።

የአባቴ ድቤ ዛሬ በእኔ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ሳይመታ ቆይቷል፤ ቆዳው ላልቷል። ሽማግሌው ያወጧቸውን ዜማዎች ሰባት ያህል ልጆቼ ቀድተዋል፤ ከደብተሩ ግማሹ ገና ዜማ አልተገኘለትም። ሽማግሌውም ደክመዋል፤ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ኢንሻአላህ ለዒድ ቀን ሲመጡ ድቤውን አውርጄ ከምድጃው ዳር አስጠጋዋለሁ። ደረሰ አልደረሰ ብዬ በጣቴ መታ ማድረጉን ግን ገና አልተማርኩም፤ እሳቸውን እጠይቃለሁ።

ያ ረቢ፣ የዘጋነውን የወላጆቻችንን አፍ ይቅር በለን። በሕይወት ያሉትን አስደስተን የምናኖራቸው አድርገን፤ ያለፉትን እዘንላቸው። ጾማችንን ተቀበለን፤ ለከርሞ በሰላም አድርሰን። አሚን።